ታሪኩ ካለቀ በኋላ ወዴት? ለፋንዶም አዲስ ለሆኑ አንባብያን

ይህ እትም የጥያቄና መልስ ዓምዱን በሙሉ ለአንድ ጉዳይ ሰጥቷል። መጽሐፍ ወይም ተከታታይ ድራማ ጨርሰው ገጸ ባሕርያቱን መሰናበት ያቃታቸው፣ ከዚያም ወደ ፋንዶም፣ ማለትም ወደ አድናቂዎች ማኅበረሰብ፣ ገብተው አድናቂዎች ወደሚጽፉት ልብ ወለድ ጎራ ብለው መንገዱ የጠፋባቸው አንባብያን ከላኩልን መርጠን መልሰናል። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አዋሕደናቸዋል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምወደው ተከታታይ መጽሐፍ አለቀብኝ። አድናቂዎች የጻፉትን ላንብብ ብዬ ወደ አንድ ማህደር ብገባ በዚያ መጽሐፍ ስም ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ታሪክ ተደረደረልኝ። ሦስቱን ከፍቼ ሞከርኩ። አንዱ መሃል ላይ ተቋርጧል፣ አንዱ ከሌላ መጽሐፍ ሰዎች ጋር ቀላቅሎታል፣ በሦስተኛው ደግሞ ሰዎቹን ጨርሶ አላወቅኋቸውም። ከየት ልጀምር?
(መንገድ የጠፋባት)

መልስ፦ ከላይ ከተደረደረው ስለጀመሩ ነው። ማህደሩ በራሱ ፈቃድ ሲደረድር የሚያስቀድመው በቅርቡ የታደሰውን ነው። ትናንት ማታ አንድ አጭር ምዕራፍ የተጨመረበት ጅምር ታሪክ፣ ከዓመታት በፊት ተጠናቆ ብዙዎች ደጋግመው ካነበቡት ሥራ በላይ ይቀመጣል። ስለዚህ አንድም ርዕስ ከመክፈትዎ በፊት ማጣሪያውን ይንኩ።

ለማሳያ «አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን»ን እንውሰድ፤ አድናቂዎች በአጭሩ ኤኦስሪ ይሉታል። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በአንባብያን መዋጮ የሚያስተዳድረው፣ ማስታወቂያ የሌለበት፣ በ2009 ለሕዝብ የተከፈተና ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሥራዎች የያዘ ማህደር ነው። በ2019 ለሳይንሳዊ ልብ ወለድና ለምናባዊ ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት ተሸልሟል። ማጣሪያው በኮምፒውተር ሲከፍቱ በስተቀኝ ይታያል፤ በስልክ ግን «ፊልተርስ» የሚለውን ካልነኩ አይመጣም፤ ብዙ ጀማሪ መኖሩንም ሳያውቅ ወራት ይከርማል።

መጀመሪያ የተጠናቀቁ ሥራዎችን ብቻ ይምረጡ። ቀጥሎ የቃላት ብዛት በሚሞላበት ቦታ ከ2,000 እስከ 10,000 ይጻፉ። በደቂቃ 200 ቃል የሚያነብ ሰው 10,000 ቃል በ50 ደቂቃ ይጨርሳል፤ 100,000 ቃል ግን ከ8 ሰዓት በላይ ይወስድበታል። ከማያውቁት ጸሐፊ ጋር ለመተዋወቅ 8 ሰዓት አያስፈልግም። ከዚያ «ክሮስኦቨር» የሚባሉትን፣ ማለትም የሁለት መጻሕፍት ሰዎች የሚገናኙባቸውን ታሪኮች ያስወጡ። በመጨረሻም «አማራጭ ዓለም» የሚለውን ታግ፣ ማለትም ጸሐፊው ሥራው ላይ የሚለጥፈውን መለያ፣ ከሚገለሉት ተርታ ያስገቡ። በሦስተኛው ታሪክ ሰዎቹን ያላወቋቸው ምናልባት በዚህ ሰበብ ይሆናል፤ ጦረኛውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያደረገው ጸሐፊ አውቆ ነው ያደረገው፣ ታጉ ላይም ጽፎታል። ከእነዚህ ታሪኮች መካከል ምርጥ ምርጥ የሆኑ አሉ፤ ግን መጽሐፉ ገና ያለቀበት ሰው የሚናፍቀው ያንኑ ዓለም ስለሆነ ለኋላ ያቆዩአቸው።

አደራደሩንም ይቀይሩ። አብዛኛው ሰው «ኩዶስ» በበዛበት ይደረድራል። ኩዶስ አንባቢው ወድጄዋለሁ ለማለት የሚነካት ምልክት ናት። አንድ ሰው ለአንድ ሥራ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እየተጠራቀመ የሚሄድ ቁጥር እንደመሆኑ የቆየው ሥራ በዕድሜው ብቻ አዲሱን ይበልጣል። በዚያ ላይ የታዋቂ ጥንዶች የፍቅር ታሪክ ብዙ አንባቢ ስላለው የመጀመሪያው ገጽ በሙሉ አንድ ዓይነት ይሆንብዎታል። «ቡክማርክ» በበዛበት ቢደረድሩ ይሻላል፤ ሰው ቡክማርክ የሚያደርገው ሊመለስበት ወይም ለሌላ ሊጠቁመው ያሰበውን ነውና። ስንት ጊዜ እንደተከፈተ በሚናገረው ቁጥር ግን አይታለሉ፤ 30 ምዕራፍ ያለውን ታሪክ አንዱ ታማኝ አንባቢ ምዕራፍ በወጣ ቁጥር ተመላልሶ ይከፍተዋል።

አሁን ጀማሪ ሁሉ የሚዘለው ነገር ላይ ደረስን፤ ከርዕሱ ጋር የሰፈረው መረጃ። ልምድ ያለው አንባቢ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው፤ በጸሐፊውና በአንባቢው መካከል ያለ ውል ነው ብንል አላጋነንም። በሁለት ስሞች መካከል «/» ካለ ታሪኩ የሁለቱ ፍቅር ነው። «&» ካለ ወዳጅነት ወይም ዝምድና ነው። ሰረዟን በዚህ ትርጉም ያስለመዷት በ1970ዎቹ «ስታር ትሬክ» የተባለው የጠፈር ድራማ አድናቂዎች ናቸው፤ በማባዣ እያተሙ በፖስታ ይለዋወጧቸው በነበሩ ፋንዚኖች፣ ማለትም አድናቂዎች ራሳቸው በሚያዘጋጇቸው መጽሔቶች ላይ። ብዙ ጥንዶች ከተዘረዘሩ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው መጀመሪያ ላይ ያለው ነው፤ ስምንተኛ ላይ የሰፈረው በአንድ አንቀጽ ብቅ ብሎ ሊጠፋ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጡት ታጎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹን የማህደሩ ፈቃደኛ ሠራተኞች ከተመሳሳዮቻቸው ጋር ስላስተሳሰሯቸው ማጣሪያው ያውቃቸዋል። ሌሎቹ ጸሐፊው ለብቻው ሲያወራ የተዋቸው ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ያዝናናሉ እንጂ አይፈለግባቸውም። ለአንድ ሥራ እስከ 75 ታግ ይፈቀዳል፤ ይህን ሁሉ አሟጦ የተጠቀመ ጸሐፊ ታሪኩን በር ላይ ጨርሶልዎታል። «ማጠቃለያ መጻፍ አይሆንልኝም» የሚል ማጠቃለያ ካጋጠመዎት ደግሞ ይለፉት። ሦስት ዓረፍተ ነገር ያልሆነለት ሰው ሃያ ምዕራፍ ይሆንለታል ብሎ መጠበቅ ድፍረት ይጠይቃል።

ከከፈቱት በኋላ የመጀመሪያዎቹን 300 ቃላት ብቻ ያንብቡ። ገጸ ባሕርይው አፉን ሲከፍት የመጽሐፉ ሰው ድምፅ ከተሰማዎት ይቀጥሉ፤ ካልሆነ ይዝጉት፣ የሚቀየም የለም። አንድ ልብዎን የነካ ታሪክ ያገኙ ዕለት ግን ከማጣሪያ ሁሉ የሚበልጠው መንገድ ይከፈትልዎታል። የጸሐፊውን ስም ነክተው እሱ ራሱ ቡክማርክ ያደረጋቸውን ይመልከቱ። ጥሩ ጸሐፊ ጥሩ አንባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለወራት ማጣሪያ ላያስፈልግዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ ካነን፣ ፋነን፣ ኤዩ፣ ሺፕ... ሲያወሩ አይገባኝም። ለጀማሪ የሚሆን ማብራሪያ ካለ?
(አዲስ ገቢ)

መልስ፦ ለመጀመሪያው ሳምንት ይህ ይበቃዎታል። ካነን በዋናው ሥራ ውስጥ በግልጽ የሰፈረው ነው። ፋነን ደግሞ መጽሐፉ የትም ያላለው፣ ግን አድናቂ ከአድናቂ እየተቀባበለው እውነት የመሰለ ነገር ነው። «ሄድካነን» ያው ፋነን ሆኖ ያመነበት ሰው አንድ ብቻ ሲሆን ነው። ኤዩ ከላይ ያነሳነው አማራጭ ዓለም ነው። «ኦኦሲ» ገጸ ባሕርይው ከጠባዩ ወጣ ማለት ነው፤ በጸሐፊው ማስታወሻ ላይ ሲመጣ ማስጠንቀቂያ፣ ከአንባቢ ሲመጣ ወቀሳ ይሆናል። ሺፕ ሁለት ሰዎች ጥንድ ቢሆኑ ብሎ መመኘት፤ «ጄን» የፍቅር ታሪክ ያልሆነ ሥራ፤ «ዋንሾት» በአንድ ምዕራፍ ያለቀ፤ «ድራብል» በጥብቅ አቆጣጠር ልክ 100 ቃል የሆነ፤ «ፊክስ ኢት» ደራሲው የገደለውን የሚያስነሳ ወይም ያበላሸውን የሚጠግን ታሪክ ነው።

በጣም የሚያጣላው ፋነን ነው። ለብዙ ወራት የአድናቂ ታሪክ ብቻ ያነበበ ሰው፣ ጀግናው ከፍታ ይፈራል ብሎ ይምላል፤ መጽሐፉን ገልጦ ሲፈልገው ግን የለም። ስለዚህ ክርክር ከመግጠምዎ በፊት ገጹን ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ከስልኩ አይነቀልም። የሚያነበው የአድናቂዎች ልብ ወለድ ነው አለኝ። ማንበቡ ደስ ይለኛል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን አላውቅም። ልከልክለው?
(እናት)

መልስ፦ በጠቅላላ መከልከሉን አንመክርም፤ ለልጅ የሚሆንም የማይሆንም ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ ግን ዝም ብሎ መተውም አይሆንም። ከላይ በጠቀስነው ማህደር እያንዳንዱ ሥራ አናቱ ላይ ደረጃ አለው። «ጄኔራል» ለሁሉም ነው። «ቲን» ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ላይስማማ ይችላል። «ማቹር» እና «ኤክስፕሊሲት» የአዋቂ ናቸው፤ ልዩነታቸው ድርጊቱ ምን ያህል ፊት ለፊት እንደሚገለጥ ነው። «ኖት ሬትድ» ማለት ጸሐፊው ደረጃ መስጠት አልፈለገም ማለት ስለሆነ እንደ አዋቂ ሥራ ይቁጠሩት፤ ማህደሩም እንደዚያው ያየዋል።

ማወቅ ያለብዎት ሁለት ነገር አለ። ደረጃውን የሚሰጠው ጸሐፊው ራሱ ነው፤ ሥራው ከመውጣቱ በፊት የሚመረምር የለም። የአዋቂ ሥራ ሲከፈት የሚመጣው ማስጠንቀቂያም አንድ ጊዜ በመንካት የሚታለፍ ነው። አባል ለመሆን 13 ዓመት ይጠየቃል፤ ለማንበብ ግን አብዛኛው ሥራ አባልነት አይፈልግም።

ከደረጃው ሌላ ማስጠንቀቂያዎች አሉ፤ አራት ናቸው። በዝርዝር የተገለጠ ጭካኔ፣ የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት፣ አስገድዶ መድፈር፣ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ያለበት ወሲብ። እዚህ ላይ አዋቂ አንባቢን ሳይቀር የሚያሳስቱ ሁለት ሐረጎች ተቀምጠዋል። አንዱ «ከማስጠንቀቂያዎቹ የሚመለከተው የለም» ይላል፤ ይህ ከአራቱ አንዱም እንደሌለበት የጸሐፊው ቃል ነው። ሌላው «ማስጠንቀቂያ ላለመስጠት መርጫለሁ» ይላል፤ ይህ ደግሞ አራቱም ሊኖሩበት ይችላሉ፣ አልነግራችሁም ማለት ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያነብ ሰው ሳይዘጋጅ ይደነግጣል። በተጨማሪም «የሞተች ርግብ፤ አትብላ» የሚል እንግዳ ታግ ካዩ ቀልድ አይምሰልዎት፤ በታጎቹ የተዘረዘረው ክፉ ነገር ሁሉ በእርግጥ ውስጡ አለ ለማለት ነው።

ከልጅዎ ጋር ተቀምጣችሁ ማጣሪያውን አብራችሁ አስተካክሉ፤ «ጄኔራል» እና «ቲን» ብቻ እንዲመጡ፣ አራቱ ማስጠንቀቂያዎችና «ላለመስጠት መርጫለሁ» የሚለው እንዲገለሉ። ማጣሪያው የተስተካከለበትን ገጽ በስልኩ ላይ ካስቀመጠው ሁልጊዜ ከዚያ ይጀምራል። ይህ ቁልፍ ሳይሆን ልማድ ነው፤ ቢፈልግ ያልፈዋል። ግን በዚህ ዕድሜ የሚያዛልቀው እሱ ነው።

ከንባቡ ይልቅ ንግግሩን ይከታተሉ። ኤኦስሪ ላይ የግል መልእክት መላኪያ የለም፤ ዲስኮርድን በመሳሰሉት የመወያያ ቦታዎች ግን አለ። ልጁ በብዕር ስም ይጠቀም፣ ዕድሜውን፣ ትምህርት ቤቱንና ፎቶውን አይስጥ፣ «ወደ ግል እንሂድ» የሚል ሰው ሲያጋጥመው ይንገርዎት። እንዲነግርዎት ደግሞ፣ ሲነግርዎት ስልኩን እንደማይቀሙት ማመን አለበት።

ጥያቄ፦ የሌላ ደራሲ ገጸ ባሕርይ ወስዶ መጻፍ ሌብነት አይደለም ወይ?
(የሕግ ሰው ያልሆነ)

መልስ፦ ጥያቄው ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ስፔናዊው ደራሲ ሴርቫንቴስ የ«ዶን ኪሆቴ»ን ሁለተኛ ክፍል ገና እየጻፈ ሳለ፣ በ1614 አቬላኔዳ በሚል የብዕር ስም የተሸሸገ ሰው የራሱን ሁለተኛ ክፍል አሳተመ። ሴርቫንቴስ በማግሥቱ ዓመት ባወጣው ክፍል ራሱን ዶን ኪሆቴን የሐሰተኛውን መጽሐፍ ወሬ አሰማው፤ ባላባቱም ያ መጽሐፍ ሳራጎሳ ገብቷል ስላለው ብቻ እግሬ አይረግጣትም ብሎ መንገዱን ወደ ባርሴሎና አዞረ። አቬላኔዳ ገጸ ባሕርያቱን መውሰዱ አልበቃ ብሎት በደራሲው ገበያ ሸጧል፣ መቅድሙ ላይም በእርጅናውና በተጎዳ እጁ ተሳልቆበታል። ዛሬም ጠቡ የሚነሣው በአብዛኛው ከነዚህ ከሁለቱ ነው፤ ከገንዘብና ከንቀት።

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በ1886 የተፈረመውና ብዙ አገሮች የገቡበት የበርን ስምምነት ሥራው ቢያንስ ደራሲው ከሞተ እስከ 50 ዓመት እንዲጠበቅ ያዛል፤ ብዙ አገሮች 70 አድርገውታል። ጊዜው ያለፈበትን ማንም ይጠቀምበታል። የሸርሎክ ሆልምስ የመጨረሻ ታሪኮች ለምሳሌ በአሜሪካ ጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ነጻ ወጥተዋል። ጥበቃ ላይ ባለ ሥራ ጉዳይ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች አራት ነገር ይመዝናሉ፤ የአጠቃቀሙ ዓላማና ጠባይ፣ የዋናው ሥራ ዓይነት፣ የተወሰደው መጠን፣ በዋናው ገበያ ላይ ያደረሰው ጉዳት። እያንዳንዱ ጉዳይ ለብቻው ስለሚታይ «የአድናቂ ልብ ወለድ ተፈቅዷል» ወይም «ተከልክሏል» ብሎ በአንድ ቃል የሚቋጭልዎትን ሰው አይመኑ።

በተግባር አይሽጡት፤ የእርዳታ መሰብሰቢያ ማስፈንጠሪያም ከታሪኩ ስር አያስቀምጡ፤ ኤኦስሪ ላይ ይህ ደንብ መጣስ ነው። ከመጽሐፉ አንቀጽ አንቀጹን አይገልብጡ። «ገጸ ባሕርያቱ የእኔ አይደሉም» የሚለው የድሮ ማስታወሻ ጨዋነት ነው፤ ከክስ ግን አያድንም። ከአድናቂ ጓደኛ ጽሑፍ መገልበጥ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ በግልጽ ሌብነት ነው፣ የፋንዶም ሰውም አይረሳውም።

ጥያቄ፦ የራሴን ታሪክ በአማርኛ ጀምሬ ነበር። 40 ምዕራፍ አቅጄ አራተኛው ላይ ቆመብኝ። ያነበቡት ሰዎች ደግሞ የፈጠርኳትን ልጅ «ሜሪ ሱ ናት» አሉኝ። ምን ላድርግ?
(ጀማሪ ጸሐፊ)

መልስ፦ ሁለቱም የጀማሪ ሁሉ ደዌ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል።

አራተኛው ምዕራፍ ላይ የቆመው መነሻውን ስላወቁና መጨረሻውን ስላለሙ፣ መሃሉ ግን ባዶ ስለሆነ ነው። ለአሁኑ 40ውን ወደ ጎን ያድርጉትና «የጎደለ ትዕይንት» ይጻፉ። ደራሲው «በማግሥቱ» ብሎ የዘለለውን ሌሊት፣ ሁለት ሰዎች ከጠብ በኋላ የታረቁበትን ያልተጻፈ ሰዓት ይውሰዱ። አንድ ቦታ፣ ሁለት ሰው፣ ከ1,000 እስከ 2,000 ቃል። ከፊቱም ከኋላውም ያለውን መጽሐፉ ስለሚያውቀው ሴራ መፍጠር አይጠበቅብዎትም፤ ጉልበትዎ በሙሉ ድምፃቸው ላይ ይውላል። ከመጀመርዎ በፊት የእያንዳንዱን ሰው አሥር ንግግር ከመጽሐፉ ገልብጠው ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው ረጅም? ሲጠየቅ ይመልሳል ወይስ በጥያቄ ይመልሳል? ሲቆጣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል ወይስ ዝም ይላል? ሦስት አራት እንዲህ ያሉ ትዕይንቶች ከጨረሱ በኋላ ወደ ረጅሙ ይመለሱ፤ ያኔም የመጨረሻውን ምዕራፍ አስቀድመው ይጻፉ፣ ሦስት ምዕራፍ በእጅዎ ሳይኖር የመጀመሪያውን አያውጡ።

ሜሪ ሱ በ1973 ፓውላ ስሚዝ በአንድ የ«ስታር ትሬክ» ፋንዚን ላይ የፈጠረቻት መቀለጃ ናት፤ የ15 ዓመት ተኩል ልጅ ሆና በጠፈር መርከቦቹ ጓድ ሁሉ በዕድሜ ትንሿ መኮንን፣ ሁሉን የምትችል፣ ሁሉ የሚወዳት። ችሎታ መብዛቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሌሎቹ ሰዎች በሷ ዙሪያ መታጠፋቸው ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ልጅቷን ከትዕይንቱ አውጥተው ሌሎቹ የሚናገሩትን ያንብቡ። ዝምተኛው አዛዥ በሁለተኛው ገጽ የልጅነት ምስጢሩን እያወጣ ከሆነ ሕመሙ እዚያ ላይ ነው። ልጅቷን ጨርሶ ልብ የማይላት አንድ ሰው ያስገቡ። አንዴ ትሳሳት፤ ስሕተቱም ሌላ ሰው ላይ ዋጋ ያስከፍል። ከሌሎቹ የምትፈልገው፣ ራሷ ልታገኘው የማትችለው ነገር ይኑራት። በነገራችን ላይ ይህ ስድብ ከወንድ ይልቅ በሴት ገጸ ባሕርይ ላይ ቶሎ ይወረወራል፤ ስለዚህ አስተያየቱን ከመቀበልዎ በፊት የተባለበትን ገጽ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ።

በአማርኛ ስለሚጽፉ ሦስት ነገር እንጨምር። የመጀመሪያው አንተና እርስዎ ነው። ዋናው ሥራ በእንግሊዝኛ ከሆነ ማን ማንን እንደሚያከብር በተውላጠ ስም አይታይም፤ እርስዎ ግን ሳይወስኑ አንድ ንግግር እንኳ መጻፍ አይችሉም። ጥንድ ጥንዱን በወረቀት ላይ ይዘርዝሩ፤ አዛዡ ለወታደሩ፣ ወታደሩ ለአዛዡ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ሰው ፊት ሲሆኑ። በጣም የተለመደው ስሕተት አንደኛው ምዕራፍ ላይ እርስዎ የተባለ ሰው ሦስተኛው ላይ ያለ ምክንያት አንተ መሆኑ ነው። ምክንያት ካለው ግን ትልቅ መሣሪያ ነው። ለ20 ምዕራፍ እርስዎ ሲባባሉ የኖሩ ሁለት ሰዎች አንዱ በድንጋጤ «ተው!» ብሎ ሲጮህ፣ አንባቢው ማብራሪያ አይፈልግም።

ሁለተኛው «አለው» ነው። ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ግሡ ማን ማንን እንዳለ አይለይም። ጀማሪ ከዚህ ሊሸሽ ሲል «ረጅሙ ሰው»፣ «ባለ ጠባሳው» እያለ ይሞላዋል፤ አንባቢም አራት ሰዎች ያሉ ይመስለዋል። ስማቸውን ሳያፍሩ ይድገሙ፤ ስም ብዙ ጊዜ ዓይን ውስጥ አይገባም። ወይም ንግግሩን ከድርጊት ጋር ያያይዙት፤ ማን ሰይፉን እንደሚወለውል ካወቅን የተናገረውንም እናውቃለን።

ሦስተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ሸርሎክ፣ ሼርሎክ፣ ሻርሎክ ብለው በአንድ ታሪክ ውስጥ ከተቀያየሩ ፍለጋው ሁሉንም አያገኝም። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ ለዓይናችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻ ይጽኑበት፤ በታጉ ላይ ግን ማህደሩ ያስቀመጠውን ስም ይምረጡ፤ አለበለዚያ ታሪክዎ ከሌሎቹ ተርታ አይገባም።

ጥያቄ፦ አስተያየት መጻፍ እፈራለሁ፤ ምን ይባላል? «ቤታ» የሚባለውስ ምን ይሠራል?
(ዝምተኛ አንባቢ)

መልስ፦ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የትኛው መስመር እንደያዝዎትና ሲያነቡት ምን እንደተሰማዎት ይጻፉ። «ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ደብዳቤውን ሳትከፍተው ስትመልስለት ቆሜ አነበብኩት» የሚለው ከአሥር «በጣም አሪፍ» ይበልጣል። ታሪኩ ከዓመታት በፊት ያለቀ ቢሆንም ይጻፉ፤ ዘግይቶ የመጣ አስተያየት ነውር የለበትም። ነውሩ ያለው «ቀጣዩ መቼ ነው?» ብሎ ከመጨቅጨቅና ሳይጠየቁ ከማረም ላይ ነው። ጸሐፊው በማስታወሻው ላይ ትችት እቀበላለሁ ካለ ብቻ ይተቹ፤ ደመወዝ የሌለው ሰው መሆኑን አይርሱ።

ቤታ ሥራው ከመውጣቱ በፊት የሚያነብ ነው። አንዱ ቋንቋ ያርማል፣ አንዱ ከካነን ጋር ያመሳክራል፣ አንዱ ሴራውን ያያል፤ ሦስቱንም ከአንድ ሰው መጠበቅ ጓደኛ ያሳጣል። «እስኪ እየው» ብለው አይላኩ። የት ሰለቸህ? ማን እንደተናገረ የጠፋህ የት ነው? ይህ ሰው ይህን አያደርግም ያልከው የት ነው? ብለው ይጠይቁ፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይስጡ፣ ሲወጣም በማስታወሻው ላይ ያመስግኑ።

ጥያቄ፦ እኔ የምወዳቸውን ጥንዶች የሚጠሉ ሰዎች ይሰድቡኛል። መከራከር አለብኝ?
(የተሰላቸ)

መልስ፦ የለብዎትም። የጥንዶቹን ስም ከሚገለሉት ተርታ ያስገቡ፣ ተሳዳቢውን ያግዱ፣ ወደ ንባብዎ ይመለሱ። እርስዎም የማይወዱትን ጥንድ ለማብጠልጠል በነሱ ታግ ስር አይጻፉ፤ እዚያ የሚገቡት የሚወዷቸው ናቸው። አዲስ ክፍል በወጣ ሰሞንም ፍጻሜውን በርዕስ ወይም በመጀመሪያው መስመር አይግለጡ።

ጥያቄ፦ ደጋግሜ የማነበው ታሪክ ጠፋ። ገጹ «የለም» ይለኛል። ምን ሆኖ ነው? መልሼ ላገኘው እችላለሁ?
(ሐዘንተኛ)

መልስ፦ ወይ ጸሐፊው አጥፍቶታል፣ ወይ ለአባላት ብቻ አድርጎታል፣ ወይ ቦታው ራሱ ተዘግቷል። ሦስተኛው በፋንዶም ታሪክ ብዙ ጊዜ ደርሷል። «ፋንፊክሽን ዶት ኔት» በ2002 የአዋቂ ሥራዎችን ከለከለ፤ «ላይቭጆርናል» በ2007 በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾችን በአንድ ጊዜ አገደ፤ ብዙ የቆዩ ገጾች የነበሩበት «ጂኦሲቲስ» በ2009 ተዘጋ። ኤኦስሪን የሚያስተዳድረው ድርጅት የተቋቋመው በ2007 ሲሆን፣ አድናቂዎች ሰርቨሩ (ሥራዎቹ የሚቀመጡበት ኮምፒውተር) የራሳችን ይሁን ያሉት ሥራቸው በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ነው።

ለፍለጋው መጀመሪያ አባል ሆነው ይግቡና እንደገና ይሞክሩ፤ ለአባላት ብቻ ከሆነ ይከፈታል። አሁንም ከሌለ ገጹን ያነበቡበትን አድራሻ በስልክዎ ላይ የከፈቷቸው ገጾች ከተመዘገቡበት ቦታ ፈልገው «ዌይባክ ማሽን» በተባለው የድረ ገጾች ማከማቻ ላይ ያስገቡት፤ በርዕስ መፈለጉ ብዙም አይሳካም፣ አድራሻው ያስፈልጋል። አንዳንድ ጸሐፊ ደግሞ ከማጥፋት ይልቅ ስሙን ብቻ ከሥራው ላይ ያነሳል። ያኔ ታሪኩ በማህደሩ ውስጥ ባለቤት አልባ ሆኖ ይቆያልና በጸሐፊው ስም ሳይሆን በርዕሱ ይፈልጉት።

ለሚቀጥለው ጊዜ ግን የወደዱትን ያውርዱ። ኤኦስሪ ላይ ከእያንዳንዱ ሥራ አናት «ዳውንሎድ» የሚል ቁልፍ አለ። ለስልክ «ኢፐብ» ይምረጡ፤ ፊደሉን እንደልብ ያሳድጋል፣ ፒዲኤፍ ግን በትንሽ ስክሪን ዓይን ያደክማል። ገና ያላለቀ ታሪክ ካወረዱ ፋይሉ ራሱን አያድስም፤ ምዕራፍ ሲጨመር እንደገና ያውርዱት። የፋይሉ ስም ላይ ጸሐፊውን፣ ርዕሱንና ያወረዱበትን ቀን ይጻፉ። ጸሐፊው ካጠፋው በኋላ ቅጂውን ለራስዎ ያንብቡት እንጂ ሌላ ቦታ ላይ መልሰው አያውጡት።